ከተጫዋቹ ኋላ የቆሙት

ከቀትር በኋላ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሰዉን ሁሉ ወደ ጥላ ስታባርር፣ ሰው የማይጠፋበት አንድ ዓይነት ቤት አለ። በሩ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ቬንትሌተሩም የሚያዞረው ያንኑ ሙቀት ነው። ሁለት ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጆይስቲክ ጨብጠዋል፤ የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል። ከኋላቸው ደግሞ ስድስት ሰባት ልጆች ቆመዋል። እነዚህ አልከፈሉም፤ የያዙት ጆይስቲክም የለም። አፋቸው ግን አያርፍም። «በግራ! በግራ በኩል ባዶ ነው!» ይላል አንዱ። «ቆይ፣ አትምታ፣ አሳልፍ!» ይላል ሌላው። ጎል ሲገባ ከተጫዋቹ ይልቅ እነሱ ይዘላሉ፤ ኳሷ ስትሳት ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። ባለቤቱ አንዳንዴ ይቆጣቸዋል፤ አያባርራቸውም ግን። እነሱ ከሌሉ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚህ ከኋላ የቆሙት ናቸው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሳይፈቱ የቆዩ የቪዲዮ ጌም ምስጢሮችን የፈቱት እንደ እነሱ ያሉ ሰዎች ናቸውና፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ማንም ያልጠራቸው፣ አይተው ዝም ማለት የማይሆንላቸው። በኢትዮጵያም፣ የሸዋ ሮቢትን አካባቢ ይፋትን ጨምሮ፣ ሳይፈታ የቆየ የጨዋታ ምስጢር አለ። እሱም የሚጠብቀው እነዚህኑ ነው።

ነገሩን ከአገር ልማድ መጀመር ይሻላል። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተረክቦ፣ ተመችቶት፣ ተጠያቂውን እንዳሻው አብጠልጥሎ፣ ከዚያ በኋላ መልሱን ይናገራል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ የተረጋገጠ ነገር አለ፤ መልሱ ጠያቂው ዘንድ ነው። የቪዲዮ ጌም ምስጢር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱን ሠሪው ሆን ብሎ ደብቆታል። አንዳንዱን ግን ሠሪው ራሱ አያውቀውም። አገር እሰጣለሁ ቢባል እንኳ ተቀባይ የለም።

ሆን ተብሎ ከተደበቁት ውስጥ ስመ ጥሩ የአታሪው «አድቬንቸር» ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1979 የሠራው ዋረን ሮቢኔት የተባለ ፕሮግራመር ነበር። አታሪ በዚያ ዘመን የሠሪዎችን ስም ጨዋታው ላይ አያወጣም። ሮቢኔት ለማንም ሳይተነፍስ አንድ ስውር ክፍል ጨመረበት፤ ወደዚያ የምታስገባው ቁልፍ ከኋላዋ ካለው ቀለም የማትለይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ የራሱን ስም ጻፈና ሥራውን ለቅቆ ሄደ። ነጥቧን ያገኛት በአሜሪካ የሶልት ሌክ ሲቲ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ያየውን በደብዳቤ ለኩባንያው ጻፈ። አለቆቹ በገዛ ጨዋታቸው ውስጥ ስውር ክፍል መኖሩን የሰሙት ከልጁ ነው።

ሁሉም ምስጢር እንዲህ በደብዳቤ አያልቅም። «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች ሲገባ፣ የዚያ ዘመን ተማሪ ኮዶቹን በደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ጽፎ ይይዝ ነበር፤ ለጤና ይህን፣ ለገንዘብ ይህን፣ ለታንክ ይህን። ኮዱ መጀመሪያ ከማን እንደ መጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ይሠራል፣ አበቃ። ከኮዱ ጋር ግን ወሬም ይመጣል። በጨዋታው ጫካ ውስጥ ጠጉራም ግዙፍ ፍጡር፣ አሜሪካኖች ቢግፉት የሚሉት፣ ይዞራል ተባለ። በዓይኔ አየሁት ያለው ብዙ ነው፤ ደብዛዛ ፎቶ ያመጣም ነበር። ሠሪው ሮክስታር የለም አለ፤ ሰው አላመነውም። ጥያቄውን ፈር ያስያዘው ክርክር ሳይሆን ቆጠራ ነው። የጨዋታውን ፋይሎች ከፍተው፣ በውስጡ የተቀመጡትን ሰዎች፣ መኪኖችና ዕቃዎች አንድ በአንድ የቆጠሩ ተጫዋቾች ተነሡ። ፍጡሩ የለም።

ደስ የሚለው ተከታዩ ነው። ሮክስታር ወሬውን አልረሳውም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ጂቲኤ 5» ውስጥ ፍጡሩን በእውነት አስገባው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮምፒውተሩ ቅጂ እጃቸው ሲገባ፣ ተጫዋቾቹ ጨዋታው የተጻፈበትን የፕሮግራም ኮድ መርምረው ማንም ያላያቸውን ተክሎች አገኙ። ተክሎቹ የሚታዩት የሳምንቱን ቀንና የአየሩን ጠባይ ጠብቀው ነው፤ የበላቸው ተጫዋች ራሱ ያንን ጠጉራም ፍጡር ይሆንና ሌላ አውሬ ሊያድን ይወጣል። አንዱ ቀኑን ለየ፣ አንዱ ጭጋጉን፣ አንዱ ቦታውን። ብቻውን የጨረሰው ሰው የለም። በዚያው ጨዋታ የቺሊያድ ተራራ ላይ ያለው ሥዕል ግን ዛሬም ያከራክራል።

ቴትሪስ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን እየገጠሙ ረድፍ መሙላት ነው ጨዋታው፤ በትንሿ ብሪክ ጌም ያደገ ሰው እጁ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለኒንቴንዶ የወጣው ቴትሪስ በየደረጃው ይፈጥናል፤ ደረጃ 29 ሲደርስ ጡቡ ከላይ ታየ ሲባል ታች ደርሷል። አዝራሩን ተጭኖ መያዝ ጡቡን ወደ ጠርዝ አያደርሰውም፤ ጊዜ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሁሉ 29ን የጨዋታው ግንብ አድርጎ ተቀበለው። ሃያ ዓመት ያህል ከግንቡ ወዲያ ምን እንዳለ የጠየቀ ብዙም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቶር አከርሉንድ የተባለ ተጫዋች ጣቱን እያንቀጠቀጠ አዝራሩን በመምታት 30 ገባ። ግንቡ ግንብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘዴ በቅርብ ቢያዩት የሚያስደንቅ ነው። ተጫዋቹ የአንድ እጁን አውራ ጣት አዝራሩ ላይ ቀለል አድርጎ ያሳርፋል፤ አይጫንም። የሌላው እጁ ጣቶች ከጆይስቲኩ ጀርባ፣ ትንሿን ከበሮ በጣቱ እንደሚመታ ሰው፣ ተራ በተራ መታ መታ ያደርጋሉ። በእያንዳንዱ ምት ጆይስቲኩ ራሱ ወደ አውራ ጣቱ ይመጣል። አዝራሩን የሚጫነው ጣት ሳይንቀሳቀስ በሰከንድ ውስጥ ከማንም ጣት በላይ ይጫናል። ይህን ዘዴ ኩባንያ አላስተማረውም፤ መመሪያ ላይም የለም። እርስ በርሳቸው እየተያዩ ነው ያሻሻሉት።

ዘዴው ሲገኝ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ ጨዋታው መጨረሻ አለው ወይ? ኮዱን የሚያነቡት መልስ ሰጡ። ማሽኑ ነጥብ ሲደምር፣ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ሒሳቡ ጊዜ ይፈጅበታል። አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ ሳያልቅ ቀጣዩ ምስል ይደርስበትና ማሽኑ ግራ ገብቶት ይቆማል። በየትኛው ደረጃ ላይ ስንት ረድፍ ቢሞላ ማሽኑ ሊቆም እንደሚችል በሰንጠረዥ አስቀመጡት። (ይህ «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ይቆይልን፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።) እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦክላሆማ የሚኖረው ዊሊስ ጊብሰን፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ አርባ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ተጫውቶ ደረጃ 157 ደረሰ። አንድ ረድፍ ሞላ። ምስሉ ቀጥ አለ። ሰው ይህን ጨዋታ እስከሚቆምበት ድረስ ሲወስደው የመጀመሪያው ነበር፤ ጨዋታው ከወጣ 34 ዓመት ሆኖታል። ልጁ ድሉን በዚያው ወር ላረፈው አባቱ ሰጠ። ጣቶቹ የልጁ ናቸው። ዘዴው ግን ከሌሎች የተማረው ነው፤ የት ላይ መድፈር እንዳለበት የነገረውም ሌሎች ያሰሉት ሰንጠረዥ ነው።

ሌላው ጉዳይ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ቢሆንም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ይመስላል። «ሱፐር ማሪዮ 64» እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ተጫዋች ጨዋታውን በፍጥነት ለመጨረስ እየተሽቀዳደመ ሲጫወት፣ የሰዓት ማማ በሚመስለው ክፍል ውስጥ ማሪዮ ምንም ሳይነካው በድንገት ወደ ላይ ተወርውሮ ከላይኛው ወለል ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ዝላይ ጨዋታው ውስጥ የለም። እንደ ገና ሊያደርገው የቻለም አልተገኘም። ፓነንኩክ በሚል ስም የሚታወቅ የጨዋታው አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2015 ዝላዩን በማሽን ደግሞ ላሳየ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ሰዉ በርብርብ ገባበት። በመጨረሻ የተገኘው ነገር ይህ ነው፤ ማሪዮ ያለበትን ከፍታ ከሚይዙት ቁጥሮች አንዱ በማሽኑ ልብ ውስጥ 11000101 ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የመጨረሻዋ 1 ወደ 0 ብትለወጥ፣ 11000100 ብትሆን፣ ማሪዮ ልክ በቪዲዮው ላይ የታየውን ዝላይ ይዘላል። ስምንት አምፖል ከተደረደረበት ሰሌዳ ላይ አንዷ አምፖል ጠፋች እንደ ማለት ነው። በእጅ ለውጠው ሲሞክሩት ገጠመ።

አምፖሏን ማን አጠፋት? ከጠፈር የሚመጣ ጥቃቅን ጨረር እንዲህ ያለውን ነገር ሊያደርግ እንደሚችል ሳይንቲስቶች ያውቃሉ፤ ብዙ ሰውም ይህን መልስ ወዶታል። የካርትሪጁ ብልሽትም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ምን እንደ ሆነ ታወቀ፣ ለምን እንደ ሆነ ግን ገና ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መናገር የብዙ ምሁርን ብዕር የሚፈትን ነገር ነው። የጨዋታ አፍቃሪዎች ተወጥተውታል።

ከኋላ የቆመ ሁሉ ግን ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ማለት አይደለም። «ድራግስተር» የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 5.51 ሰከንድ የሚል ክብረ ወሰን ተመዘገበለት፤ ለ35 ዓመት ያህልም በክብር መዝገብ ላይ ተቀመጠ። የደገመው ሰው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ኮዱን በትኖ የሚያሰላ ተጫዋች ተነሣ። ማሽኑ ከ5.57 ሰከንድ በታች ሊሰጥ እንደማይችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ክብረ ወሰኑ ተሰረዘ። ለብዙ ዓመታት «አሳየን» ያለ ብዙም አልነበረም፤ ስሙ ተከብሮ፣ ቁጥሩም አብሮ ተከብሮ ኖረ።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ አንድ ሌላ ታሪክ ሊያስታውስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ ሕንጣሎ ድረስ ሄዶ ከትግራይ ገዥው ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተቀምጦ ነበር። ራስ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ከባድ ናቸው፤ ጠላትን ሲበሉ ጠጠሩን በጠጠር ገጭተው ከቦታው ያስፈነጥሩታል። እንግሊዛዊውን ያስገረመው ግን ሌላ ነበር። ጫጫታው አይጣል ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ይናገራል፤ ከመናገርም አልፎ እጁን ዘርግቶ ጠጠሩን እያነሣ «እንዲህ ቢሆን አይሻልም?» እያለ ያሳያል። ሶልት ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፤ በመጨረሻ ግን ራስ እንዲያሸንፉ በብልሃት ያደርጉ ነበር።

የሸዋ ሮቢቱ ጌም ቤትና የሕንጣሎው አዳራሽ ሁለት መቶ ዓመት ይራራቃሉ። ከተጫዋቹ ኋላ የቆመው ሰው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ተማሪው የሚያስበው በመስመር የተከፋፈለ ዝርዝር ነው፤ የስታትስቲክስ ሰንጠረዥ፣ የፈተና ሰንጠረዥ። ለጨዋታው «ቼዝ» የሚል የውጭ ቃል ተውሰናል። ቃሉ ግን ስሙ የነበረው ለጨዋታው ነው፤ ከዐረብኛው ሻትራንጅ ጋር አንድ ነው፣ ሻትራንጅ ደግሞ ከፋርስና ከህንድ የመጣ ነው። ጨዋታው ጠፍቶ የመስመሮቹ ስም ብቻ ቀረ። ቤቱ ፈርሶ ካርታው እንደ መቅረት ነው።

በሻትራንጅ መልክ ይጫወት የነበረው ዓለም ወደ አዲሱ ቼዝ ሲዞር፣ ኢትዮጵያውያን በአሮጌው መንገድ ብዙ ዘመን ቆይተዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ስለ እቴጌ ጣይቱ ሲነገር ከበገናቸው ጋር ሰንጠረዣቸውም ይነሣል። ጨዋታው እንደ ልብ መታየት ያቆመው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ጨዋታው ወደ ኢትዮጵያ በየትኛው በር እንደ ገባ ሲታሰብ ይፋት በሐሳብ ትመጣለች፤ ከዘይላ ወደ ደጋ የሚወጣው የሲራራ ንግድ በዚህ ቆላ ያልፍ ነበርና፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም በየሸንተረሩ ላይ ይታያል። ይህ ግምት ነው። ቃሉ ዐረብኛ መሆኑ ግን ግምት አይደለም።

ሰንጠረዡ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤት ተደርጎ የተከፈለ። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር አልነበሩም። ንጉሥ አለ፤ ከጎኑ ፈርዝ፤ ከዚያ ፊል፣ አንዳንዱ ሳባ የሚለው፤ ፈረስ፤ ዳር ላይ ደር፤ ፊት ለፊት መደቅ። እስከዚህ ድረስ ዘመዱን ይመስላል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ በዓለም ላይ ብቻውን የሚቆምበት ነገር አጀማመሩ ነው። ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሰባት ጊዜ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ዓይን የጠላትን እጅ ያያል፣ እጅ የራሱን ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። ይህ መክፈቻ ስሙ ወረራ ነው። የዘመቻ ነጋሪት ሰምቶ ያደገ ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል።

አሸናነፉም ደረጃ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መያዝ ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊልና በመደቅ የያዘ ግን ይጨበጨብለታል። ንጉሡን ባዶውን አስቀርቶ መያዝም ድል አይባልም።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሕግ አሰባስበው አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የቼዝ ዝርያዎችን የሚሰበስቡ የውጭ አገር አፍቃሪዎች ይህንን ጽሑፍና የመንገደኞችን ማስታወሻ እያመሳከሩ ሰንጠረዥን በኮምፒውተር ላይ መልሰው ለማቆም ሞክረዋል። ከባዱ ወረራው ነው። ኮምፒውተር ተራ መጠበቅ የለመደ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው የሚንቀሳቀስበትን ሰሌዳ እንዴት ያድርገው? እስከ አሁን ብዙው ሙከራ ወረራውን ቀንሶ ወይም ቆራርጦ ነው ያለፈው።

ምንጮቹም አይስማሙም። ፈርዝ በአንድ ምንጭ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በሌላው በሁሉም አቅጣጫ ሄዶ በሰያፍ ብቻ ይበላል። ሶልት መደቅ ዳር ቢደርስም ሹመት አያገኝም ይላል፤ በኋላ የተመዘገበው ሕግ ይሾመዋል። ሶልት ስለ ፊል ሲጽፍ ደግሞ ሦስት ቤት ይሄዳል አለ፤ ሌላው ሁሉ ሁለት ነው የሚለው። ይህኛውን የሚፈታው ጣት ነው። የቆመበትን ቤት «አንድ» ብሎ የቆጠረ ሦስት ያገኛል፤ ከቀጣዩ የጀመረ ሁለት ያገኛል። እንግሊዛዊው አልተሳሳተም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለየው።

ፊልን ማንም ሰው ዛሬ ማታ ሊፈትነው ይችላል። ካርቶን ላይ ስምንት በስምንት መስመር ማስመር፣ የማሾ ፍሬ ማስቀመጥ ይበቃል። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ መካከል ያለውን አይነካም። ከመነሻው ተነሥቶ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘልም ከ64ቱ ቤቶች የሚረግጠው 8 ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ አራት ፊሎች አሉ፤ የአራቱም ስምንት ስምንት ቤቶች ፈጽሞ አይገናኙም። ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም፤ ሌላው የረገጠውን ቤት እንኳ አይረግጥም። ይህን ያወቀ ሰው በፊል ንጉሥን መያዝ ለምን እንደሚያስጨበጭብ ይገባዋል።

የጉድጓድና የጠጠሩ ጨዋታ ገበታም ያው የሕግ አለመስማማት አለበት፤ ገበታ ግን ሕያው ነው። በየሐና በመጠራ ድንጋይ ላይ የተቦረቦሩት ጉድጓዶች ከአክሱም ዘመን ጋር ይያያዛሉ። ፓንክረስት በዚያው 1971 ከመቶ በላይ የገበታ ዓይነቶችን ከኢትዮጵያና ከአካባቢው መዝግበዋል። እረኛ ግራር ሥር አፈር ቆፍሮ በጠጠር ሲጫወት ሕጉን ከታላቅ ወንድሙ ነው የወሰደው፤ ወንዙን ሲሻገር ሕጉ ሌላ ነው። «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ገበታንም ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ መልካም ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ስልክ ላይ የሚገባው ከብዙዎቹ ሕጎች የተመረጠው ነው። ከመቶዎቹ አንዱ ተመርጦ ሲገባ፣ የቀሩትን የሚያውቅ ሰው «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ብሎ ካልተናገረ፣ ልጁ ትክክለኛው ገበታ ስልኩ ላይ ያለው ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ነው ከኋላ የቆመው የሚያስፈልገው። የጌም ቤት ልጆች ባህሉ አላቸው፤ አይተው ዝም አይሉም፣ ስህተት ሲያዩ ይጮኻሉ፣ ዘዴ ሲያገኙ ለሌላው ያሳያሉ። የቴትሪስና የማሪዮ ሰዎች በዚህ ላይ የጨመሩት ሦስት ልማድ ነው፤ ያዩትን እንዳዩት መጻፍ፣ ሌላው እንዲደግመው መተው፣ ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ማለት። ስልክ የያዘ ልጅ አያቱ ገበታ ሲጫወቱ እጃቸውን መቅረጽ ይችላል፤ ፊታቸው ሳይሆን እጃቸው። ከየትኛው ጉድጓድ እንዳነሡ፣ ወዴት እንደ ዘሩ፣ ስንት ሲሆን እንደ ቆሙ ይታያል። መንደሩና ቀኑ ይጻፍበታል። የጎረቤት ቀበሌው የተለየ ሲል እሱም ይቀረጻል፤ አንዱ ሌላውን አያሽርም።

ሰንጠረዥ ግን ጊዜ የለውም። ጣሊያን ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ወላጆቹ ሲጫወቱ ያየ፣ ወይም ያዩ ሰዎች ሲያወሩ የሰማ፣ በይፋት ቆላም ሆነ ከላይ በአንኮበርና በጣርማበር ደጋ አይጠፋም። ወደ እሱ የሚሄድ ልጅ «ሰንጠረዥ ያውቃሉ?» ብሎ ባይጀምር ይመረጣል፤ አዎ ወይም አይ ይሉትና ያበቃል። ካርቶኑን አስምሮ፣ ፍሬዎቹን ደርድሮ ከፊታቸው ያስቀምጥ። ከዚያ አንዲቱን መደቅ እያንዳንዱን ቤት አሻግሮ ዳር ያድርሳትና እጁን ይሰብስብ፤ ቀጥሎ የማን እጅ እንደሚዘረጋ፣ ምንስ እንደሚያደርግባት ይመልከት።